አለች ወይስ አሉ?

ሦስት ወር ሙሉ አንድ ምዕራፍ ላይ ቆሜ ነበር። ታሪኩ ጠፍቶኝ አይደለም። ማን ማንን እንደሚያገባ አውቃለሁ፣ ማን እንደሚሞት አውቃለሁ፣ የመጨረሻዋን ገጽ ከጻፍኳት እንዲያውም ዓመት ሊሆናት ነው። ያቆመኝ አንድ ግስ ነው። «አለች» ልበል ወይስ «አሉ»?

አሁን የምጽፈው ልብ ወለድ ዋና ሰው አስካለ ትባላለች። በ13 ዓመቷ ከገጠር አዲስ አበባ ትመጣለች። ሰው ቤት ትቀጠራለች፣ ታገባለች፣ ጠላ እየጠመቀች ልጆች ታሳድጋለች፣ ባሏን ትቀብራለች፣ በኋላ እድር ውስጥ ቃሏ የሚሰማ ሴት ትሆናለች። መጀመሪያው ገጽ ላይ «አለች» ብዬ ጀመርኩ። የ13 ዓመት ልጅ ናት፣ ሌላ ምን ይባላል? መጨረሻው ገጽ ላይ ግን 71 ዓመት ሆኗታል። ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ አስካለ» ነው የሚላት። ጎረምሶቹ ሲያዩዋት ከድንጋይ ላይ ይነሳሉ። ታሪኳን የምተርከው እኔስ? እስከ መጨረሻው «አለች» እያልኩ ልቀጥል? ወይስ የሆነ ቦታ ላይ «አሉ» ልበል? የሆነ ቦታ ከሆነ፣ የቱ ጋ?

አማርኛ ይህን ጥያቄ ሳያስመልስ አያሳልፍም። ገባ ወይስ ገቡ፣ ተቀመጠች ወይስ ተቀመጡ፣ ግሱ ጋ ስደርስ የግድ መወሰን አለብኝ። ግሱ ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። አንባቢው ጆሮ ላይ የሚቀረው እሱ ነው። በአንድ ገጽ 20 እና 30 ጊዜ ያንኑ ጥያቄ እመልሳለሁ ማለት ነው። ተራኪው ከሰዎቹ ሁሉ እኩል ርቀት ላይ ቆሞ ዝም ብሎ ያያል የሚል ነገር እኛ ቋንቋ ውስጥ አይሠራም። አፉን ሲከፍት ማንን እንደሚያከብር፣ ማንን እንደ እኩያው እንደሚያይ ወዲያው ይታወቃል።

ይህን ሁሉም የሚጽፍ ሰው ያውቀዋል። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነገር ነው።

«እሳቸው» ወንድም ሴትም ነው። «አሉ» ብዬ ስጽፍ ተናጋሪው ጋሼ ይሁኑ እትዬ ግሱ አይናገርም። «አለች» ውስጥ ያለችው «ች» የሴቷን ሴትነት ይዛ ነው የምትሄደው። ሴቲቱ አንቱ በተባለች ቀን «ች» ትወድቃለች። ወንዱም ሲከበር የወንድ ግሱን ይጥላል፣ ልክ ነው፣ ግን የኔ መጽሐፍ የአንዲት ሴት ሕይወት ነው። 58 ዓመት አብሬያት ሄጄ፣ የወር አበባዋን፣ ምጧን፣ የጡት ወተቷን ጽፌ ጽፌ፣ ስትከበር ሴትነቷን ከግሷ ላይ ላነሳባት ነው? ደግሞ «አሉ» ብዙ ሰዎችም ናቸው። አንዲት ሴት ብቻዋን ቤቷ ገብታ «ገቡ» ስል፣ የሆነ ሕዝብ ተከትሏት የገባ ይመስለኛል።

አታክብሪያት የሚሉኝ ነበሩ። ጓደኛዬ፣ እሷም ትጽፋለች፣ «አንቺ ፈጣሪዋ ነሽ፣ ደራሲ አንቱ የሚለው ሰው የለውም፣ አለች በያትና ሂጂ» አለችኝ። ሞከርኩት። ገጹን ጮክ ብዬ ሳነበው አፈርኩ። ለቅሶ ቤት ነው፣ አስካለ መሃል ተቀምጣ ሰው ሁሉ ጎንበስ እያለ እጇን ይስማል፣ እኔ ብቻ እንደ ሰፈር ልጅ «አለች፣ ተነሳች፣ ሄደች» እያልኩ። እናቴ ብትሰማኝ ባለጌ ትለኝ ነበር።

ብዙ ሰው መቼ ነው የምትጽፊው ብሎ ይጠይቀኛል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ እነሳለሁ። ኮንዶሚኒየማችን በዚያ ሰዓት ጸጥ ያለ ነው። አንደኛው ወገን አዛን ይሰማል፣ ትንሽ ቆይቶ ከሌላው ወገን የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ይጀምራል፣ ከዚያ ውጪ የውሃ ጀሪካን የሚጎትት ጎረቤት ብቻ ነው የሚሰማው። እስከ 1 ሰዓት ሁለት ሰዓት አለኝ። ከዚያ ክፍል መግባት አለብኝ። የአማርኛ አስተማሪ ነኝ።

በእጅ ነው የምጽፈው። ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ባለ 50 ቅጠል ደብተር። የምጽፈው በቀኙ ገጽ ላይ ብቻ ነው፣ ግራው ለእርማት ይቀመጣል። ላፕቶፕ አለኝ፣ ሁለተኛውን ረቂቅ የምተይበው እዚያ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ግን አልችልም። ማሽኑ ላይ የሰረዝኩት ነገር የለም፣ ጠፋ ማለት ነው። ደብተሩ ላይ የተሰረዘ «አለች» ከነጭረቱ እዚያው ተቀምጦ ያየኛል። መብራት ሲጠፋም ደብተር አይጠፋም። በሻማ የጻፍኳቸው ገጾች ላይ የሰም ጠብታ አለ፣ የትኛው ምዕራፍ በየትኛው ክረምት እንደተጻፈ በእሱ አውቃለሁ።

ከመጻፌ በፊት አንድ ገጽ መዝገበ ቃላት አነባለሁ። የደስታ ተክለ ወልድን፣ በ1962 የታተመውን። አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡ ሰዎች ነው የገዛሁት፣ ጀርባው ተገንጥሎ በጨርቅ ተለጥፏል። ቃል ፍለጋ አይደለም የማነበው። ቃሉን ፈልጌ የከፈትኩ ቀን የማገኘው ያንን ቃል ብቻ ነው። ዝም ብዬ በተራ ሳነበው ግን፣ አያቴ ስትናገረው የሰማሁት፣ እኔ አንድም ቀን አፌ ውስጥ ያልገባ ግስ ድንገት ብቅ ይላል። ያን ቀን መጻፍ ይቀለኛል። ለምን እንደሆነ በደንብ ማስረዳት አልችልም፣ አፌ ይፈታል ነው የምለው።

ማታ ማታ ደግሞ ልብ ወለድ አነባለሁ። በተጣበቅኩባቸው ሦስት ወራት ያነበብኩት ሁሉ ለዚያች አንድ ግስ ነበር። የቆዩ መጻሕፍትን አወጣሁና ታሪኩን ትቼ የግሶቹን ጭራ ብቻ እየተከተልኩ አነበብኳቸው። እንዲህ ማንበብ ለካ ሌላ መጽሐፍ ማንበብ ነው።

የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ በ1900 ሮም ታተመ። እዚያ ውስጥ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ትጓዛለች፣ ሰዎች እንደ ወንድ ያናግሯታል። የመጀመሪያው መጽሐፋችን ከመነሻው እዚህ ችግር ውስጥ ነበር ማለት ነው። ልብስ ብትቀይር ልብስ ነው። ቋንቋችን ውስጥ ግን ሰው ባናገራት ቁጥር ግሱም አብሮ ልብስ መቀየር አለበት።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያወቅሁት መጀመሪያ በጆሮዬ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነበው እናቴ ሥራዋን አቁማ ትሰማ ነበር። ጎረቤቶች ጀበናቸውን ይዘው እኛ ቤት ይመጡ ነበር፣ እኛ ልጆች ከተንጫጫን መቆንጠጥ ነው። ጽሑፌን ሁሉ ጮክ ብዬ የማነበው ከዚያ የመጣ ልማድ ይመስለኛል። በልጅነቴ ልብ ወለድ ማለት የሚሰማ ነገር ነበርና። አሁን በ1958 የታተመውን መጽሐፍ ከፍቼ ፊታውራሪ መሸሻ ያሉባቸውን ገጾች ብቻ ለይቼ አነበብኩ። ሀዲስ ዓለማየሁ አንቱታውን አያነሱባቸውም። ፊታውራሪ ሲቆጡም፣ ሲሳሳቱም፣ በገበሬዎቻቸው ላይ ሲጨክኑም ተራኪው «አሉ» እያለ በአክብሮት አብሯቸው ይሄዳል። በደላቸው ይበልጥ የሚታየው በዚያ አክብሮት ውስጥ ነው። ተራኪው አንድ ጊዜ እንኳን «አለ» ቢላቸው እኮ ፍርዱን ራሱ ሰጥቶ ጨረሰ ማለት ነው። ሀዲስ ፍርዱን ለኛ ተዉልን። ይህን እስከዛሬ አላየሁትም ነበር።

ስለ ትርጉምም ብዙ አሰብኩ። ነቢይ መኮንን በደርግ ጊዜ ታስሮ ሳለ «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን፣ የማርጋሬት ሚቼልን የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ፣ የሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ እየጻፈ እንደተረጎመው ብዙዎቻችን እናውቃለን። ሁሌም ይህን ታሪክ ሳስብ የሚታየኝ ወረቀቱ ነበር፣ የወረቀቱ ማነስ፣ የፊደሉ መድቀቅ። አሁን ግን ሌላ ነገር ታየኝ። እንግሊዝኛው ለጌታም ለባሪያም፣ ለእናትም ለልጅም አንድ ቃል ነው ያለው። ስለዚህ ያ እስረኛ እያንዳንዱ ሰው አፉን በከፈተ ቁጥር አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ እያለ መወሰን ነበረበት። በእስር ቤት ውስጥ ተቀምጦ ማን ማንን ማክበር እንዳለበት ሲወስን። ይህን ባሰብኩ ጊዜ የኔ ሦስት ወር ትንሽ መሰለኝ።

ታክሲ ውስጥ፣ ባንክ ሰልፍ ላይ፣ ክሊኒክ፣ የሰማሁትን የምጽፍበት ትንሽ ደብተር አለኝ። የጆሮ ደብተር ነው የምለው። ስልኬ ላይ አልጽፍም፣ ሰው ስልክ ሲያይ ድምፁን ይቀንሳል። በእነዚያ ወራት ደብተሩ ውስጥ የገባው በሙሉ አንተና አንቱ ነው። የሚኒባስ ረዳት አንዲትን ሴት ፌርማታው ላይ «ነይ ግቢ፣ አንድ ሰው» ብሎ ጠራትና፣ ስትገባ ነጠላዋን ፊቷን አይቶ «እናት፣ ወደ ውስጥ ይጠጉ» አላት። በአንድ ደቂቃ ውስጥ። ሁለት ሽማግሌዎች ካፌ ቁጭ ብለው እድሜ ልክ ጓደኛሞች መሆናቸው ያስታውቃል፣ «አንተ» እየተባባሉ ሲሳሳቁ ቆይተው የሂሳብ ክርክር ሲነሳ «እርስዎ» ተባባሉ። አንቱታ ለካ ሰውን ለማራቅም ይሆናል።

እናቴ ስትጸልይ እግዚአብሔርን «አንተ» ነው የምትለው። እመቤታችንን «አንቺ» ትላታለች። የእድሩን ዳኛ ግን «እርስዎ»። ወንድሜን ትንሽ ልጅ ሳለ ስታቆላምጠው «አንቺ» ትለው ነበር፣ ዛሬም በጣም የምትወደው ቀን ከአፏ ያመልጣታል። አያቴ አያቴን እስኪሞቱ ድረስ «እርስዎ» ትላቸው ነበር፣ እሳቸው ግን «አንቺ» ነበር የሚሏት። እሱን ለአስካለ ሰጥቻታለሁ። እሷም ባሏን «እርስዎ» ትላለች፣ በስተመጨረሻ አንድ ሌሊት ብቻ፣ ትንፋሹ ሊቆም ሲል፣ «አንተ» ትለዋለች። ያንን ትዕይንት በአንድ ማለዳ ነው የጻፍኩት፣ እርማትም አልነካውም።

ክፍል ውስጥም ይኸው ጉዳይ ተከተለኝ። 10ኛ ክፍል ስለሚወዱት ሰው ጻፉ ብዬ የቤት ሥራ ሰጠሁ። አንዷ ተማሪ ስለ አያቷ ጻፈች። «አያቴ መጡ… አያቴ አለችኝ… አያቴ ተቆጡ… አያቴ ተኛች»። እንደ ልማዴ ቀይ እስክሪብቶዬን አንስቼ አከበብኩባት። ስምምነት የለውም፣ አንዱን ምረጪ ብዬ ጻፍኩ። አራት ነጥብ ቀነስኩ። ማታ ቤቴ ሆኜ ትዝ አለኝና ደብተሩን መልሼ አወጣሁት። ልጅቷ ዝም ብላ አልቀላቀለችም። አያትየዋ ስትቆጣ፣ ስትመክር፣ እንግዳ ስትቀበል «አሉ» ነው። ታማ ስትተኛ፣ ልጅቷ ፀጉሯን ስታበጥርላት፣ ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ «አለች» ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድም ቦታ አልሳተችም። ነጥቧን መለስኩላት። ይቅርታም ጠየቅኋት፣ ለምን እንደሆነ የገባት አልመሰለኝም።

ነገሩ ግን የተከፈተልኝ እዚያ አይደለም፣ እዚያ የጠረጠርኩት ብቻ ነው።

አንድ ማለዳ፣ 12 ሰዓት ገደማ፣ እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ነኝ፣ እናቴ ሳሎን ውስጥ መነጽሯን ትፈልጋለች። 74 ዓመቷ ነው። ሰፈር ውስጥ አንቺ የሚላት ከእኔና ከወንድሜ ሌላ ሰው የቀረ አይመስለኝም። ትራሱን እያነሳች፣ መጋረጃውን እየገለጠች ለራሷ ታወራለች። «የት ጣልሽው አንቺ ሴትዮ? እዚህ አላስቀመጥሽውም? ምን ነካሽ?»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

ራሱን አንቱ የሚል ሰው የለም። እድሩ ቢያከብራት፣ ቄሱ ቢያከብሯት፣ የልጅ ልጆቿ ጉልበቷን ቢስሙ፣ ብቻዋን ስትሆን እናቴ ለራሷ አንቺ ናት። በ13 ዓመቷም አንቺ ነበረች፣ አሁንም አንቺ ናት። «ች» አልወደቀችም፣ ውስጥ ገብታ ተቀምጣለች። እኔ የትኛው ገጽ ላይ ልቀይር እያልኩ ሦስት ወር የደከምኩት በዕድሜዋ መስመር ላይ ነበር። መፈለግ የነበረብኝ ግን በሩ ላይ ነው። ሰው ሲኖር «አሉ»። በሩ ሲዘጋ «አለች»።

ቡና ስንጠጣ መጀመሪያ አንቱ ያለሽ ማን ነው ብዬ ጠየቅኋት። ሳታስብ መለሰችልኝ። የዳቦ ቤቷ ልጅ ናት አለች። አባትሽን የቀበርን ሰሞን፣ ጥቁር ለብሼ ዳቦ ልገዛ ስሄድ፣ ከዚያ በፊት በየቀኑ «ስንት ልስጥሽ» ነበር የምትለኝ፣ ያን ቀን ግን «ስንት ልስጥዎት» አለችኝ። ምን ተሰማሽ አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና «ዳቦውን ሳልቀበል ወጣሁ፣ ከመንገድ ነው የተመለስኩት» አለችኝ። ያኔ 43 ዓመቷ ነበር።

ይህን ልጠቀምበት ወይ ብዬ ለመጠየቅ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ጻፊው አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የጉልበት ነው። ከአስካለ ባል ቀብር ጀምሮ ያሉትን 90 ያህል ገጾች እንደገና ማለፍ፣ እያንዳንዱ ግስ ላይ ቆሞ፣ ክፍሉ ውስጥ ሰው አለ ወይስ የለም ብሎ መጠየቅ። የማላስባቸው ጥያቄዎች መጡ። ሕፃን ልጅ ሰው ነው? የተኛ ሰውስ? የሟቹ ፎቶ ግድግዳው ላይ ካለስ? ሕፃን ፊት «አለች» አልኩ፣ ፎቶው ፊት ግን «አሉ»። ባሏን እድሜ ልኳን «እርስዎ» ብላዋለችና እሱ እያያት ብቻዋን አይደለችም። ሁለት አንቱዎች በሚነጋገሩበት ቦታ ደግሞ ማን እንደተናገረ ስለሚምታታ ስማቸውን መደጋገም ነበረብኝ፣ ገጹ ከበደ፣ አንዳንዱን ንግግር ጨርሶ አወጣሁት። በሳምንት 6 ገጽ ከሄድኩ ጥሩ ሄድኩ እላለሁ። መጽሐፉ መቼ ይወጣል ለምትሉኝ፣ ወረቀትና ማተሚያ የዛሬ ዋጋው ይታወቃል፣ እሱን በኋላ እናስብበታለን። አሁን ግሶቹ ላይ ነኝ።

ባለፈው እሁድ የመጀመሪያውን ክፍል ለእናቴ አነበብኩላት። አስካለ ከአንድ ጎረቤት ለቅሶ የምትመለስበት ነው። በሩ ድረስ ሰዎች ሸኝተዋታል። እንዲህ ብዬ ነበር የጻፍኩት፦ «እትዬ አስካለ በሩን ዘጉ። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች።»

እናቴ እጇን አነሳች። «ቆይ፣ ማናት ይቺ የገባችው?»

ሌላ ሴት የገባች መስሏታል። እውነቷን ነው፣ ጆሮ እንደዚያ ነው የሚሰማው። አራት ቀን ሞከርኩ። መጀመሪያ ክፍተት አደረግሁ፣ መስመር ዘለልኩ፣ ግን ጮክ ተብሎ ሲነበብ ክፍተት አይሰማም። ከዚያ «ብቻዋን ስትሆን» የሚል ማብራሪያ ጨመርኩ፣ አነበብኩት፣ እንደ አስተማሪ መሰልኩ፣ ሰረዝኩት። ትናንት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ መብራት ጠፍቶ በሻማ ሆኜ፣ አንድ መስመር መሃል አስገባሁና እናቴ እስክትነሳ ጠበቅሁ። ጀበናውን ጥዳ ስትቀመጥ አነበብኩላት።

«እትዬ አስካለ በሩን ዘጉ። ‹ደከመሽ አይደል፣ አንቺ አስካለ?› ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች።»

እናቴ ማናት ብላ አልጠየቀችም። «እሺ፣ ከዚያስ?» አለችኝ።